ወንበር ላይ ተቀምጠው፦ የድምፅ አውታር በሌዘር እንዴት ይታከማል?

ድምፁ የሻከረ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጉንፋንን ነው። ትኩስ ነገር ይጠጣል፣ አንገቱን ይሸፍናል፣ "ይለቀኛል" ይላል። አንድ ሳምንት ያልፋል። ሁለተኛውም ያልፋል። ስልክ ባነሳ ቁጥር "አሞሃል እንዴ?" ይባላል። ወር ሊሞላው ሲል ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። ቀጭን ካሜራ በአፍንጫው ይገባል። ስክሪኑ ላይ፣ የድምፅ አውታሩ ጠርዝ ላይ፣ የበቀለ ወይም ያበጠ ወይም የነጣ ነገር ይታያል። ቀጥሎ የሚመጣው "ኦፕሬሽን" የሚለው ቃል ነው። ያኔ ልቡ ድንግጥ ይላል።

አይፈረድበትም። ለብዙ አሥርት ዓመታት መንገዱ አንድ ብቻ ነበር። ኦፕሬሽን ክፍል ይገባሉ። ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጥዎታል። በአፍዎ የብረት ቱቦ ይገባል፣ በማይክሮስኮፕ እየታየ እብጠቱ ይቆረጣል። ይህ መንገድ ዛሬም አለ፤ ለብዙ ሕመሞችም ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ግን ለአንዳንዶቹ ሌላ አማራጭ መጥቷል። በሽተኛው እንደነቃ፣ ተራ የምርመራ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጉሮሮው ብቻ ደንዝዞ በሌዘር ይታከማል። ሲያልቅ ተነስቶ በእግሩ ይሄዳል።

ሰዎች ይህን ሲሰሙ ሁለት ነገር ይጠይቃሉ። "እንዴት ይቻላል? ጉሮሮዬን ነክቶኝ አላስመልስም ወይ?" የሚለው አንዱ ነው። "ሌዘር ያቃጥል የለም እንዴ? ድምፄን ቢያቃጥለውስ?" የሚለው ሁለተኛው። ሁለቱም ትክክለኛ ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ከሁለተኛው እጀምራለሁ፤ የሕክምናው ብልሃት ያለው እዚያ ነው።

ክር ያልሆነው አውታር

አውታር ሲባል የተወጠረ ክር ይታየናል። የድምፅ አውታር ግን ክር አይደለም። ማንቁርት ውስጥ፣ ከአየር ቧንቧው አናት ላይ፣ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ሁለት እጥፋቶች ናቸው። በካሜራ ከላይ ሲታዩ የተገለበጠ "ለ" ይመስላሉ። ስንተነፍስ ይከፈታሉ፣ ስንናገር ይገጥማሉ። ርዝመታቸው በአዋቂ ሴት ከ1 ሴንቲሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ በወንድ ወደ 2 ሴንቲሜትር ይጠጋል። እንግዲህ የሰው ንግግሩ፣ ጸሎቱ፣ ዘፈኑ፣ ጩኸቱ ሁሉ የሚወጣው የጣት ጥፍር ከምታህል ቦታ ነው።

ሴት ስትናገር እነዚህ እጥፋቶች በሰከንድ 200 ጊዜ ያህል ይጋጫሉ። ወንድ ሲናገር ከ100 እስከ 130 ጊዜ አካባቢ። አንዲት ሴት ድምፅዋን ሳታቋርጥ ለአንድ ሰዓት ብታወጣ 720 ሺህ ግጭት ይሆናል። ቀኑን ሙሉ የምታስተምር መምህርት አውታር ምን ያህል እንደሚለፋ ማሰብ ነው።

ይህን ሁሉ ግጭት የሚችለው በአሠራሩ ነው። ጃፓናዊው ሐኪም ሚኖሩ ሂራኖ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳስረዱት አውታሩ ድርብርብ ነው። ከውስጥ ጡንቻ አለ። ከላይ በጣም ስስ ሽፋን አለ። በሁለቱ መካከል ደግሞ እንደ ጄል የለሰለሰ፣ ውፍረቱ ከ1 ሚሊሜትር የሚያንስ ንጣፍ አለ። ድምፅ የሚፈጠረው የላይኛው ሽፋን በዚህ ለስላሳ ንጣፍ ላይ እንደ ማዕበል ሲንሸራተት ነው።

ይህችን ንጣፍ ልብ ይበሉልኝ። የድምፅ ሕክምና ጭንቀት ሁሉ እሷ ናት። በቢላም ሆነ በሙቀት ከተጎዳች በቦታዋ ጠባሳ ይተካል። ጠባሳ ደግሞ ደረቅ ነው፤ አይንሸራተትም። እብጠቱ ሙልጭ ብሎ ወጥቶ፣ ካሜራ ላይ ሁሉም ነገር ቆንጆ መስሎ፣ ድምፁ ግን ሻካራ ሆኖ የቀረ ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ ይህ ነው። ጠባሳውን መልሶ ማለስለስ እስከ ዛሬ ከባድ ሥራ ነው። ስለዚህ ጥያቄው "እብጠቱን እንዴት እናጥፋው?" ብቻ አይደለም። "ከሥሩ ያለችውን ንጣፍ ሳንነካ እንዴት እናጥፋው?" ነው።

ብርሃኑ ደምን ለምን ይመርጣል?

ደም ለምን ቀይ ሆኖ ይታየናል? ነጭ ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ውጦ ቀዩን ስለሚመልስ ነው። የሚውጠው በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ነው።

አሁን ይህን ገልብጠን እናስበው። አረንጓዴ ብርሃን ብቻ ቢተኮስበትስ? ደሙ ይውጠዋል። የዋጠው ብርሃን ወደ ሙቀት ይለወጣል። ደም የሌለበት፣ ጥርት ያለው የላይኛው ሽፋን ግን ብርሃኑን ብዙም ሳያስቀር ያሳልፈዋል። ስለዚህ ሙቀቱ የሚፈጠረው ከላይ ሳይሆን ከሥር፣ የደም ሥሩ ውስጥ ነው። ጨረሩ ሽፋኑን አልፎ ደሙን ፈልጎ ያገኘዋል ማለት ነው።

በሽታውስ? የድምፅ አውታር ላይ የሚበቅሉ ብዙ ነገሮች የሚኖሩት በደም ነው። ፓፒሎማ የሚባለው ኪንታሮት እያንዳንዷ ቅንጣቱ መሐሏ ላይ ደም ሥር አላት። ጠጋ ብለው ሲያዩት የወይን ዘለላ ይመስላል፤ በእያንዳንዷ ፍሬ ውስጥ ቀይ ነጥብ አለ። ያቺን ደም ሥር ከዘጓት ፍሬዋ ትጠወልጋለች። ጤነኛው ጠርዝ ግን የደም ሥሮቹ ጥቂትና ቀጫጭን ስለሆኑ የሚደርስበት ሙቀት አነስተኛ ነው።

ቀለም መምረጥ ብቻውን አይበቃም። ጊዜም አለ። በጋለ ብረት ላይ ጣትን ነካ አድርጎ ማንሳትና እዚያው ማቆየት አንድ አይደለም። ሌዘሩ ሳያቋርጥ ቢበራ ሙቀቱ ከደም ሥሩ አልፎ ወደ ጎረቤት ይዛመታል። ስለዚህ በጣም አጭር በሆነ ብልጭታ ይተኮሳል፤ ብዙ ጊዜ ከሰከንድ ሺህ እጅ 15 እጅ ያህል። ከዚያ ፋታ ይሰጣል። ሙቀቱ ከደም ሥሩ ሳይወጣ ብርሃኑ ጠፍቷል።

ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1983 አደራጅተው ያቀረቡት ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ የተባሉ የቆዳ ሐኪሞች ናቸው። እነሱ ያሰቡት ስለ ጉሮሮ አልነበረም። ሲወለዱ ጀምሮ ፊት ላይ የሚታይን ቀይ ምልክት ቆዳው ሳይጠበስ ማጥፋት ነበር የፈለጉት። ጉሮሮ ሐኪሞች ዘዴውን የተዋሱት ቆይተው ነው። በቦስተን ስቲቨን ዛይትልስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 የቆዳ ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን ባለ 585 ናኖሜትር ሌዘር፣ በ2006 ደግሞ ኬቲፒ የሚባለውን ባለ 532 ናኖሜትር አረንጓዴ ሌዘር፣ በነቁ በሽተኞች የድምፅ አውታር ላይ የተጠቀሙበትን ውጤት አሳተሙ። ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ ቁጥሩ የሚነግረን የብርሃኑን ቀለም ነው። ኬቲፒ ይበልጥ የተወደደው ጨረሩ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች በሆነ የመስታወት ክር ስለሚሄድ ነው። ደም ሥሩንም ሳያፈነዳ ቀስ አድርጎ ይዘጋዋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ 445 ናኖሜትር የሆነ ሰማያዊ ሌዘር መጥቷል። እሱም ደም ይወዳል።

ከዚያ በፊት የነበረው የጉሮሮ ሌዘር ሌላ ዓይነት ነው። ስቱዋርት ስትሮንግና ጌዛ ጃኮ እ.ኤ.አ. በ1972 ወደ ጉሮሮ ሕክምና ያስገቡት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ነው። የእሱን ጨረር የሚውጠው ደም ሳይሆን ውሃ ነው። ውሃ የሌለበት የሰውነት ክፍል የለም። ስለዚህ ያገኘውን ሁሉ ያተናል፤ እንደ ስለታም ቢላ ይቆርጣል። ጎበዝ እጅ ላይ ድንቅ መሣሪያ ነው። ግን የሚመርጠው እጁ እንጂ ብርሃኑ አይደለም። "ሌዘር ያቃጥላል" የሚለው ስጋት መነሻ ያለው ነው፤ መልሱ ግን የትኛው ሌዘር እንደሆነ ይወሰናል።

ነቅቶ መታከም አዲስ አይደለም

ይህን ሳነብ በጣም ገርሞኛል። የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ሲጀመር በሽተኛው ነቅቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 ማኑኤል ጋርሲያ የተባለ የዘፈን መምህር በመስታወት የራሱን የድምፅ አውታር አየ። ሐኪሞች ብልሃቱን ወረሱት። በ1860ዎቹ መጀመሪያ ጀርመናዊው ቪክቶር ፎን ብሩንስ በዚያው መስታወት እየታገዙ ከገዛ ወንድማቸው ማንቁርት እብጠት አወጡ። ጉሮሮን ብቻ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ገና አልነበረም። ወንድምየው አፉን ከፍቶ ተቀምጦ፣ ሳያስመልስና ሳይንቀሳቀስ መቻል ነበረበት። የሚያደነዝዝ መድኃኒት ጉሮሮ ላይ መቀባት የተጀመረው ከ1884 ወዲህ ነው። በኋላ ሙሉ ማደንዘዣና ማይክሮስኮፕ ሲሻሻሉ ሁሉም ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ገባ።

ዛሬ ወደ ወንበሩ የመለሰን የሦስት ነገሮች መገጣጠም ነው። ጫፉ ላይ ጥቃቅን ካሜራ ያለው፣ እንደ ልብ የሚታጠፍ ቀጭን ቱቦ ተሠራ። በዚያ ቱቦ ውስጥ 2 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያለው መተላለፊያ ተከፈተለት። በመተላለፊያው የሚያልፍ የሌዘር ክር ተገኘ።

ወንበሩ ላይ ምን ይሆናል?

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። እርስዎ ነዎት ወንበሩ ላይ የተቀመጡት እንበል።

መጀመሪያ አፍንጫዎ ውስጥ የሚያደነዝዝና እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ይረጫል። መራራ ነው፤ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። ትንሽ ቆይቶ ካሜራው ይገባል። የሚያመው ነገር ካለ ይቺ ናት። አፍንጫ ውስጥ ጠበብ ያለ ቦታ አለ፤ እሱን ሲያልፍ ግፊት ይሰማዎታል፣ ዓይንዎ እንባ ያቀርራል።

ከዚያ ዋናው ማደንዘዝ ይመጣል። "ኢ... በሉ፣ ሳያቋርጡ" ይባላሉ። እርስዎ "ኢ" ሲሉ ሊዶኬይን የሚባለው መድኃኒት በቱቦው በኩል አውታርዎ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ድምፅዎ ይለወጣል፤ ውሃ ይዞ እንደሚጉመጠመጥ ሰው ይንኮሮኮራል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ያስላል፣ አንዳንዴም በኃይል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው፤ ባይቆርጥ ጥሩ ነው። ሁለተኛው ሳል ይቀንሳል። በሦስተኛው ጊዜ መድኃኒቱ ይወርዳል፣ እርስዎ ግን ምንም አይሰማዎትም። ሐኪሙ የሚጠብቀው ይህንን ነው። በአንዳንድ ቦታ መድኃኒቱ በአንገት ፊት ለፊት፣ ጎላ ብሎ ከሚታየው የማንቁርት ጉብታ ዝቅ ብሎ፣ በቀጭን መርፌ ወደ አየር ቧንቧው ይሰጣል። እሱም ሳል ያመጣል፤ ሳሉ ራሱ መድኃኒቱን ወደ ላይ ይረጨዋል።

ጉሮሮ ሲደነዝዝ የሚመጣው ስሜት ብዙዎችን ያስደነግጣል። ምራቅ መዋጥ ያቃተዎት ይመስልዎታል። ጉሮሮዎ ያበጠና አየር ያጠረዎት ይመስላል። አየሩ ግን አለ፤ የጠፋው የማለፉ ስሜት ነው። ይህን አስቀድሞ የተነገረው ሰው ይረጋጋል። ያልተነገረው ይሸበራል። ስለዚህ ካልነገሩዎት ይጠይቁ።

ሊዶኬይን መጠን አለው። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ባለ 4 በመቶው ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ሚሊሊትር 40 ሚሊግራም መድኃኒት አለ። ሐኪሙ ክብደትዎን አይቶ ያሰላል። ከንፈር ከጠዘጠዘዎት፣ ጆሮዎ ከጮኸ ወይም አፍዎ የብረት ጣዕም ካመጣ ወዲያው ይናገሩ። የመድኃኒቱ መጠን እየበዛ መሆኑን የሚጠቁሙ ምልክቶች ናቸው።

አሁን መነጽር ይደረግልዎታል። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያደርጋል። ተራ መነጽር አይደለም፤ ለዚያ ሌዘር ቀለም ብቻ የተሠራ ነው። የኬቲፒ ጨረር የዓይንን ብሌን አልፎ ከኋላ ያለውን ሬቲና ሊጎዳ ስለሚችል ነው። በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ይሰቀላል። የሚወጣውን ጢስ የሚስብ መሣሪያ ይበራል፤ በተለይ ፓፒሎማ ሲሆን ጢሱ ውስጥ ቫይረስ ሊኖር ይችላል።

ክሩ በመተላለፊያው ገብቶ ጫፉ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። ጫፉ ሳይታይ ሌዘሩ አይተኮስም። ይህ የማይጣስ ሕግ ነው፤ ቱቦው ውስጥ ቢተኮስ መሣሪያውን ያቃጥለዋል። ከዚያ "ቀስ ብለው ይተንፍሱ" ይባላሉ። ትክ... ትክ... የሚል ድምፅ ይሰማል። በእያንዳንዱ ትክ አረንጓዴ ብልጭታ አለ። ስክሪኑ ላይ ቀይ የነበረችው ቅንጣት ነጣ ትላለች። መንጣቷ ደሙ መርጋቱን ያሳያል። ሐኪሙ እዚያው ላይ አይቆይም፤ ወደ ቀጣይዋ ይሄዳል። ብዙ ሰው ሙቀት ቢጤ ወይም መጠነኛ መቆንጠጥ ተሰማኝ ይላል። አንዳንዱ ምንም አይሰማውም።

አውታሩ ይንቀሳቀሳል። ይዋጣል፣ ይተነፈሳል፣ ይሳላል። የሐኪሙ ጥበብ የሚፈተነው እዚህ ነው። ሁለት ሰዎች እየተናበቡ ይሠራሉ፦ አንዱ ካሜራውን ይዞ፣ ሌላው ክሩን ወደፊትና ወደኋላ እያለ። ከሁሉ በላይ ግን እርስዎ ይሠራሉ። "አሁን ኢ በሉ" ሲባሉ አውታርዎ ይገጥማል፤ አንዱ ጎን ይታያል። "በአፍንጫዎ ይሳቡ" ሲባሉ ይከፈታል፤ ሌላው ጎን ይገለጣል። የተኛ በሽተኛ ይህን ማድረግ አይችልም። መሳል ወይም መዋጥ ከፈለጉ እጅ ያነሳሉ፤ ክሩ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሌዘሩ ራሱ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ከማደንዘዙ ጋር ሲደመር ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።

ለማን ይሆናል? ለማንስ አይሆንም?

ትልቁን ለውጥ ያየነው በፓፒሎማ ነው። የሚመጣው በሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በተለይ በዓይነት 6 እና 11 ነው። ክፋቱ መመላለሱ ነው። ዛሬ ያጸዱት ከወራት በኋላ ይመለሳል። በሕይወታቸው በአሥራዎች የሚቆጠር ኦፕሬሽን ያደረጉ ሰዎች አሉ። እያንዳንዱ ኦፕሬሽን ሙሉ ማደንዘዣ ነው፣ ከሥራ መቅረት ነው፣ ለአውታሩም አዲስ የጠባሳ ዕድል ነው። ስለዚህ ድሮ በሽተኛውም ሐኪሙም ይጠብቁ ነበር። ድምፅ እስኪጠፋ፣ ትንፋሽ እስኪያጥር ድረስ። ከዚያ አንድ ትልቅ ኦፕሬሽን።

የወንበሩ ሌዘር የለወጠው ይህን ልማድ ነው። ሕክምናው ቀለል ስላለ ገና ትንሽ ሳለ ነካ ማድረግ ይቻላል። ዛሬ የቀረውን በቀጣዩ ቀጠሮ መጨረስ ይቻላል። ሐኪሙ "ሁሉንም አሁን ካላወጣሁ" ብሎ አይጨነቅም፤ ካልተጨነቀ ደግሞ ጠልቆ አያቃጥልም። ለእኔ የዚህ ሕክምና ትልቁ ነገር ይህ ነው። በሽታውን ከሥሩ ነቅሎ ጨረሰው ብዬ ግን አልዋሽም፤ ቫይረሱ እዚያው ሊቆይ ይችላል። ዓይነት 6ንና 11ን የሚያካትተው ክትባት በመጀመሪያውኑ እንዳይመጣ የሚከላከል ነውና፣ ስለ እሱ ሐኪም ማማከር ይበጃል።

የሚፈነዱ ደም ሥሮች፣ ፖሊፕ የሚባሉ ትናንሽ ደም ያዘሉ እብጠቶች፣ ማንቁርቱ ኋላ ላይ የሚበቅል ግራኑሎማ የሚባል እብጠትም በዚህ መንገድ ይታከማሉ። በሲጋራ ምክንያት አውታሩ ውሃ የቋጠረ ያህል ሲያብጥም ሌዘሩ ሊያሳንሰው ይችላል። ሲጋራው ካልቆመ ግን ይመለሳል።

አውታር ላይ የሚወጣ ነጭ ሽፋን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ነጩ ነገር ምንም ላይሆን ይችላል። ወደ ካንሰር የሚያመራ የሕዋስ ለውጥም ሊሆን ይችላል። ካንሰር ራሱም ሊሆን ይችላል። በዓይን ብቻ አይለይም። ሌዘር ደግሞ ካጠፋው በኋላ ለላቦራቶሪ የሚላክ ሥጋ አይተርፍም። ስለዚህ ናሙና አስቀድሞ መወሰድ አለበት። በዚያው ቱቦ በጥቃቅን መቆንጠጫ ናሙና መውሰድ ይቻላል፤ ናሙናው ግን ትንሽ ነው፣ በሽታውን ሊያሳንስ ይችላል። ሐኪሙ ጠልቆ የገባ ካንሰር ከጠረጠረ ቦታው ወንበሩ ሳይሆን ኦፕሬሽን ክፍሉ ነው። "ናሙና ተወስዷል ወይ? ውጤቱ ምን አለ?" ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ከሽፋኑ ሥር እንደ ከረጢት የተቋጠረ እብጠትም ለዚህ አይሆንም፤ በማይክሮስኮፕ በጥንቃቄ ተፈልቅቆ መውጣት አለበት። ድምፅ በብዛት ከመጠቀም የሚመጡ፣ በሁለቱም ጎን የሚወጡ ትናንሽ ጉብታዎችስ? የእነሱ የመጀመሪያ መድኃኒት የድምፅ አጠቃቀም ሥልጠና ነው። ለእነሱ ሌዘር የሚል ሰው ካጋጠመዎት ሌላ ሐኪምም ያማክሩ።

ሰውየውም መታየት አለበት። ለትንሽ ነገር ወደ ላይ ወደ ላይ የሚላቸው፣ በጣም የሚፈሩ፣ አፍንጫቸው በጣም የጠበበ፣ ሊዶኬይን የማይስማማቸው ሰዎች አሉ። ልጆችም ብዙ ጊዜ አይችሉትም። የአየር መንገዱ ቀድሞውኑ ከጠበበ ትንሿ እብጠት እንኳ ልትዘጋው ስለምትችል አይደፈርም። በሌላ በኩል በልብ ወይም በሳንባ ሕመም ምክንያት ሙሉ ማደንዘዣ የሚከብዳቸው፣ አንገታቸው ወይም መንጋጋቸው እንደ ልብ የማይንቀሳቀስ ሰዎች በዚህ መንገድ ዕድል ያገኛሉ። ለእነሱም ቢሆን የደም ግፊትና የልብ ምት ክትትል ያስፈልጋል። ነቅቶ መታከም ግፊት ከፍ ያደርጋል።

አደጋው ትንሽ ነው እንጂ የለም አይባልም። አፍንጫ ሊደማ ይችላል። አንዳንዱ ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል። ከልክ በላይ ከተተኮሰ ጠባሳው አይቀርም። ሁለቱ አውታሮች ከፊት የሚገናኙበት ቦታ ላይ ግራና ቀኙ በአንድ ቀን ከታከመ ሲድኑ ሊጣበቁ ይችላሉ። ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም ዛሬ አንዱን ጎን ሠርቶ ሌላውን ለቀጠሮ ያቆየዋል። ይህን ቢልዎት ሥራ እያንዛዛ አይደለም።

ከዚያ በኋላ

ከወንበሩ ሲነሱ ጉሮሮዎ ገና እንደደነዘዘ ነው። ስለዚህ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ሐኪሙ እንዳዘዘዎት፣ ምንም አይብሉ፣ ውሃም አይጠጡ። ጥም አይደለም ጉዳዩ። ጉሮሮ የሚመጣውን ካላወቀ በር አይዘጋም፤ ውሃው ወደ ሳንባ ይሄዳል። ጊዜው ሲደርስ በትንሽ ጉንጭ ውሃ ይሞክሩት። ትን ካለዎት ይቆዩ።

ስለ ዝምታ ሐኪሞች አንድ ዓይነት አይናገሩም። አንዳንዱ ሁለትና ሦስት ቀን ጭራሽ አትናገሩ ይላል። ሌላው ለስለስ ባለ ድምፅ ጥቂት መናገር ይፈቅዳል። የሐኪምዎን ይያዙ። ሹክሹክታን ግን እንደ ዝምታ አይቁጠሩት። ሲያንሾካሽኩ ብዙ ሰው ማንቁርቱን ያስጨንቃል። ጉሮሮ መጥረግም እንዲሁ፤ "እህህ" ባሉ ቁጥር የታከሙት ሁለት ጠርዞች በኃይል ይላተማሉ። ቢከብድም ውሃ ይጎንጩ ወይም ምራቅዎን ይዋጡ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድምፅዎ ከቀድሞው ሊብስ ይችላል። አይደንግጡ። ደሙ የተዘጋበት ሥጋ ወዲያው አይጠፋም፤ ይነጣል፣ ይሟሽሻል፣ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይረግፋል። አንዳንዱ ሰው ሲያስል ትንሽ ነጭ ነገር ይወጣዋል። ትንፋሽ ማጠር፣ እየጨመረ የሚሄድ ሕመም ወይም የማይቆም ደም ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም።

ከሳምንታት በኋላ ወደዚያው ወንበር ይመለሳሉ። በዚህኛው ቀጠሮ ካሜራው የሚያበራው ስትሮቦስኮፕ በሚባል ብልጭ ድርግም በሚል ብርሃን ነው። ብርሃኑ ከአውታሩ ንዝረት ጋር ትንሽ ስለሚዛነፍ በሰከንድ 200 ጊዜ የሚሆነውን ነገር ዝግ ባለ እንቅስቃሴ ያሳያል። "ኢ በሉ" ይባላሉ እንደገና። ሐኪሙ እብጠቱ ወደነበረበት ቦታ ያያል፤ መጥፋቱን ብቻ ግን አይደለም የሚፈልገው። ያቺ ስስ ሽፋን በለስላሳዋ ንጣፍ ላይ እየተንሸራተተች፣ ማዕበሉ እዚያ ቦታ ሲደርስ ሳይቆም ያልፍ እንደሆነ ነው የሚያየው። ስክሪኑን ወደ እርስዎ እንዲያዞርልዎት ይጠይቁት። ያልፍ እንደሆነ እርስዎም ያዩታል።